ከውፍረት ጋር የተያያዘ አስምና የሜታቦሊዝም መድኃኒቶች
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



በአንድ የውሃ መስመር ላይ ግፊት ሲወርድ ልምድ ያለው መሐንዲስ ፓምፑን በትልቅ ፓምፕ ለመለወጥ አይጣደፍም። ግፊቱ የወረደው ቧንቧው በዝገት ስለ ጠበበ ነውን? ውሃው በመንገድ ስለ ፈሰሰ ነውን? ወይስ ከምንጩ ስለ አነሰ? ብሎ አስቀድሞ ይጠይቃል። ምልክቱ አንድ ሲሆን ምክንያቱ ብዙ ሊሆን እንደሚችል ሙያው አስተምሮታል። ምክንያቱን ሳይለይ የፓምፑን ኃይል ብቻ እየጨመረ የሚሄድ ሰው በመጨረሻ ደካማውን ቧንቧ ያፈነዳዋል። የዛሬው ንግግር ርእስ ከሕክምናው ዓለም የተወሰደ ቢሆንም የሚያነሣው ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባለበት ሰው ላይ የሚታየው አስም ከሌላው አስም ጋር አንድ በሽታ ነውን? አንድ ካልሆነስ፣ ያንኑ የተለመደ መድኃኒት መጠኑን እየጨመሩ መስጠት ጥገና ነው ወይስ ጉዳት?

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አስም ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 455,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በ2022 ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው አዋቂዎች ቁጥር 890 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚባለውም የሰውየው ክብደት በኪሎ ግራም ተለክቶ በሜትር ለተለካው ቁመቱ ካሬ ሲካፈል ውጤቱ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እንግዲህ ሁለቱም ችግሮች የደረሱበት ሰው ቁጥር ቀላል እንደማይሆን ግልጽ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት በአርባ አምስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ ማጠር የጀመራት ሴት ትታሰብ። በልጅነቷ አስም አልነበረባትም፤ አቧራም ሆነ የድመት ጠጉር አያስነጥሳትም። ባለፉት ዓመታት ግን ክብደቷ በጣም ጨምሯል። ሐኪም ዘንድ ቀርባ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ታዘዘላት፤ ብዙም አልተሻላትም። መጠኑ በእጥፍ ተጨመረ፤ አሁንም እንደ ተጠበቀው አልሆነም። ሕመሙ በጸናባት ቁጥር ፕሬድኒሶሎን የተባለው ክኒን ለቀናት ይሰጣታል፤ ለጊዜው ትንፋሿ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ይህ ክኒን ደጋግመው ሲወስዱት የምግብ ፍላጎትን ያነሣሣል፤ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ በወገብ ዙሪያ ስብ ያከማቻል። ክብደቷ ሲጨምር ትንፋሿ ይብስባታል፤ ትንፋሿ ሲብስባት ክኒኑ ይደገማል። መሐንዲስ ይህን ዑደት አይቶ ወዲያው ያውቀዋል፤ ውጤቱ ተመልሶ መንሥኤውን የሚያጠናክር፣ ካልተቆረጠም እያደገ የሚሄድ ዑደት ነው። የዛሬው ንግግር ዐቢይ ጉዳይም ይህ ዑደት በየት በኩል ሊቆረጥ ይችላል የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ ለመፈለግ በመጀመሪያ የመሣሪያውን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሃገንና ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ የሚገልጸውን አንዱን ሕግ አገኙ። በዚህ ሕግ መሠረት በረጋ ፍሰት ጊዜ የቱቦው ተቃውሞ የሚወሰነው በሬዲየሱ አራተኛ ርቢ ነው። የቱቦው ሬዲየስ በግማሽ ቢቀንስ ተቃውሞው 16 እጥፍ ይሆናል፤ ከመቶ 10 ብቻ ቢጠብብ እንኳ ተቃውሞው ከመቶ 52 ያህል ይጨምራል። በሰፋፊዎቹ የአየር ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ፍሰት ሁልጊዜ የረጋ ባይሆንም የሕጉ መሠረታዊ ትምህርት የጸና ነው፤ በቧንቧው ላይ የሚደርሰው ትንሽ ጥበት በትንፋሽ ላይ የሚያደርሰው ችግር ትልቅ ነው።

በተለመደው የአለርጂ አስም ቧንቧውን የሚያጠብበው በግድግዳው ላይ የሚደርሰው መቆጣት ነው። ኢዮሲኖፊል የተባሉት የነጭ ደም ሕዋሶች በዚያ ይሰበሰባሉ፤ ግድግዳው ያብጣል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፤ አክታ ይበዛል። ለዚህ ዓይነቱ አስም ያለፈው ክፍለ ዘመን ታላላቅ መሣሪያዎችን አበርክቷል። በ1956 በእጅ የሚያዝ፣ በየጭመቁ የተመጠነ መድኃኒት የሚረጭ መሣሪያ ተሠራ፤ በ1969 ጡንቻውን የሚያላቅቀው ሳልቡታሞል፣ በ1972 ደግሞ መቆጣቱን የሚያበርደው በአፍ የሚሳብ ቤክሎሜታሶን ለገበያ ቀረቡ። በእነዚህ መድኃኒቶች የዳነው ሕይወት እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ እነሱን ለማቃለል የተሰነዘረ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ሆኖም አስም ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ቀስ በቀስ እየታወቀ መጣ። በ2008 በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ የተካሄደ ጥናት የአስም ሕሙማንን አስቀድሞ በተዘጋጀ መደብ ሳይሆን መለኪያዎቻቸው ራሳቸው በሚያሳዩት ቅርበት ሲመድብ አንድ ልዩ ቡድን ጎልቶ ወጣ። በዚህ ቡድን ውስጥ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ ውፍረት አለባቸው፤ የሕመም ስሜታቸው ከባድ ነው፤ የኢዮሲኖፊል መቆጣት ግን እምብዛም አይታይባቸውም። ከላይ በምሳሌ የተጠቀሰችው ሴት የዚህ ቡድን አባል ትሆናለች ማለት ነው። ስቴሮይድ በዋነኛነት የሚያበርደው ይህን የኢዮሲኖፊል እሳት ነው። እሳቱ በሌለበት ቤት የውሃውን መጠን መጨመር ቤቱን ከማርጠብ በቀር ምን ይፈይዳል? በርካታ ጥናቶችም ክብደት እየጨመረ ሲሄድ በአፍ የሚሳበው ስቴሮይድ የሚሰጠው ጥቅም እየቀነሰ እንደሚሄድ አመልክተዋል።

ታዲያ የእነዚህን ሕሙማን ቧንቧ የሚያጠብበው ምንድን ነው? መልሱ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው የሸክም ጉዳይ ነው። በደረትና በሆድ ላይ የተከማቸው ስብ በሁለቱ መካከል ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሳንባውም ባነሰ አየር ይሠራል። በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከላይ የተገለጸው የክብደት መለኪያ ከ20 ወደ 30 ከፍ ሲል ሰው በዝግታ ተንፍሶ ከጨረሰ በኋላ በሳንባው ውስጥ የሚቀረው አየር ወደ ከመቶ 75፣ ከዚያ በላይ ገፍቶ ሊያስወጣው የሚችለው አየር ደግሞ ወደ ከመቶ 47 ይወርዳል። ወናፍ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ እንዲሠራ ሲገደድ የሚሆነው ይኸው ነው። ሳንባው ሲያንስ በውስጡ ያሉት ትናንሽ ቧንቧዎች ይጠብባሉ፤ ለመዘጋትም ይቀርባሉ።

ሁለተኛው የኬሚካል ጉዳይ ነው። ስብ ቀድሞ እንደሚታሰበው የሥራ ፈት ማከማቻ አይደለም። በ1994 ሌፕቲን የተባለው፣ ከስብ ሕዋሶች የሚመነጨው ሆርሞን መገኘቱ ይህን አመለካከት ለወጠው። የተትረፈረፈ ስብ መቆጣትን የሚያባብሱ ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ይለቅቃል፤ ሰውነትም ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። በ2016 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ኢንተርሉኪን 6 በደማቸው ውስጥ ከፍ ያለባቸው የአስም ሕሙማን ክብደታቸው የበዛ፣ የሳንባቸው አቅም ያነሰ፣ የሕመማቸውም መባባስ የተደጋገመ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ችግሩ በቧንቧው ውስጥ ቢታይም ከምንጮቹ አንዱ ከቧንቧው ውጭ፣ ሰውነት ምግብን ወደ ኃይልና ወደ ስብ በሚለውጥበት ሥርዓት ውስጥ፣ ማለትም በሜታቦሊዝም ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሐሳብ እውነት ከሆነ ክብደት ሲቀንስ አስሙ ሊሻል ይገባዋል። በእርግጥም ይሻላል። በ2000 በፊንላንድ በተደረገ ጥናት ውፍረት ካለባቸው 38 የአስም ሕሙማን ግማሾቹ ለስምንት ሳምንታት በጣም የተመጠነ ምግብ ተሰጣቸው፤ ከክብደታቸው ከመቶ 14.5 ቀነሱ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ከመቶ 11.3 ያህሉ እንደ ቀነሰ ነበር። የሳንባቸው አቅምና የኑሯቸው ሁኔታ ከሌሎቹ ተሻለ። በ2013 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ከመቶ 5 እስከ 10 ያህል ክብደት መቀነስ እንኳ ለብዙዎቹ በቂ መሻሻል እንደሚያመጣ አመለከተ። የአመጋገብ ለውጥ ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው መንገድ ነው። ዳሩ ግን ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ተራመድ፣ ሩጥ ማለት ቀላል አይደለም፤ ሰውነትም የቀነሰውን ክብደት ለማስመለስ ረሃብን እያጠናከረ ይታገላል። ሕመምተኛውን በስንፍና መውቀስ ይህን አለማወቅ ነው።

የሜታቦሊዝም መድኃኒቶች ተስፋ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ከእነዚህም ሁለቱ በተለይ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው ሜትፎርሚን ነው። ይህ ክኒን ጋሌጋ በተባለ የአውሮፓ ዕፅ ውስጥ ከሚገኝ ንጥረ ነገር ጋር የሚዛመድ ሲሆን ለስኳር በሽታ እንደሚጠቅም በ1957 ያስታወቀው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስቴርን ነበር። ጉበት ወደ ደም የሚለቅቀውን ስኳር ይቀንሳል፤ በሕዋስ ውስጥ የኃይል እጥረትን የሚለካውንና ኤኤምፒኬ የተባለውን ኤንዛይም ያነቃቃል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም በአየር ቧንቧ ውስጥ ያለውን መቆጣት ሲቀንስ ታይቷል። ሁለተኛው፣ ሰው ምግብ ሲበላ ከአንጀት የሚወጣውንና ጂኤልፒ 1 የተባለውን ሆርሞን የሚመስሉ መድኃኒቶች ናቸው። ተፈጥሯዊው ሆርሞን በደም ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይቆያል። ይሁን እንጂ ጂላ በተባለችው የአሜሪካ በረሃ መርዛማ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ የተገኘ ተመሳሳይ፣ ግን የማይቸኩል ንጥረ ነገር መንገዱን ከፈተ፤ ከእርሱ የተሠራው ኤክሰናታይድ በ2005 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሴማግሉታይድ በሳምንት አንድ ጊዜ በመርፌ ይወሰዳል። በ2021 በታተመ፣ 1,961 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ይህን መድኃኒት ለ68 ሳምንታት የወሰዱት በአማካይ ከክብደታቸው ከመቶ 14.9 ሲቀንሱ፣ አምሳያውን መርፌ የወሰዱት የቀነሱት ከመቶ 2.4 ብቻ ነበር። የዚህ ሆርሞን መቀበያዎች በሳንባ ውስጥም ስለሚገኙ መድኃኒቱ ክብደት ከመቀነስ ባሻገር በቧንቧው ላይ በቀጥታ ይሠራ ይሆናል የሚል ግምት አለ።

ስለ አስም የተገኘው ማስረጃስ ምን ይላል? በ2021 የታተመ የቦስተን ጥናት ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና አስም ያለባቸውን ሕሙማን ተመልክቶ የጂኤልፒ 1 መድኃኒት የጀመሩት ሌሎች የስኳር መድኃኒቶችን ከጀመሩት ይልቅ አስማቸው ያነሰ ጊዜ እንደ ተባባሰ አገኘ። በ2024 መጨረሻ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች የወጣው ሰፊ ጥናት ደግሞ የእንግሊዝን የሐኪም ቤት መዝገቦች መረመረ። የጥናቱ ዘዴ ለመሐንዲስ ትኩረት የሚስብ ነው፤ በአንደኛው ክፍሉ አንዱን ሰው ከሌላው ጋር ሳይሆን የአንዱን ሰው መድኃኒት የወሰደበትን ጊዜ ካልወሰደበት ጊዜ ጋር ያነጻጽራል። በዚህ ስሌት ሜትፎርሚን በተወሰደበት ጊዜ የአስም መባባስ ከመቶ 32 ያህል ያነሰ ሆነ፤ በሜትፎርሚን ላይ የጂኤልፒ 1 መድኃኒት ሲጨመር ደግሞ ከመቶ 40 ያህል ተጨማሪ መቀነስ ታየ። ይበልጥ የሚያስገርመው የሜትፎርሚን ውጤት በሰውየው ክብደት፣ በስኳሩ መጠን ወይም በኢዮሲኖፊሉ ብዛት ብዙም የማይለወጥ መሆኑ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ልብ ያሞቃሉ። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ከመደሰት በፊት አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ፒዮግሊታዞን የሚገኝበት ሌላ የስኳር መድኃኒት ቤተሰብ አለ። በእንስሳት ላይ የአየር ቧንቧን መቆጣት ቀንሶ ነበር። በ2014 የታተመ፣ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መዝገብ ላይ የተደረገ ጥናትም እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱ የአስም ሕሙማን ሕመማቸው ያነሰ ጊዜ እንደሚባባስ አመለከተ። ምክንያቱም መዝገቡም የተስማሙ ይመስል ነበር። በ2015 ግን ውፍረት ያለባቸው የአስም ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ፒዮግሊታዞን፣ ግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው አምሳያ ክኒን ሲሰጣቸው ለቧንቧቸው የተገኘ ጥቅም አልነበረም፤ ይባስ ብሎ መድኃኒቱን የወሰዱት ክብደታቸው ጨመረ። ሙከራው ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ቢሆንም ያስተማረው ትምህርት ትልቅ ነው፤ መዝገብ ያሳየውን ዕጣ ላያጸናው ይችላል።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። አዲስ መድኃኒት የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያው ሰሞን ሐኪሙን ደጋግሞ ያያል፤ አመጋገቡን ያስተካክላል፤ የአስም መድኃኒቱንም በሥርዓት መውሰድ ይጀምራል። ከእነዚህ የትኛው ትንፋሹን እንዳሻለው መዝገቡ አይናገርም። በተጨማሪም ከላይ የተጠቀሱት የቦስተንና የለንደን ጥናቶች የተደረጉት የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ውፍረት እንጂ የስኳር በሽታ የሌለባት ሴት ተመሳሳይ ጥቅም ታገኛለች ብሎ መደምደም አይቻልም። ድልድይ ሥዕሉ ስላማረ፣ ስሌቱም ስለ ተስማማ ብቻ ለመኪና አይከፈትም፤ ሸክም ተጭኖበት ይፈተናል። ለእነዚህም መድኃኒቶች የሸክም ፈተናው አስም ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ የሚመድብ፣ በቂ ሰው ያለበትና በቂ ጊዜ የሚቆይ ሙከራ ነው። የስኳር በሽታ የሌለባቸውም እንዲገቡበት፣ ክብደቱ የቀነሰው ሰውና ያልቀነሰው ሰው ተለይተው እንዲለኩ ያስፈልጋል። የመጣው መሻሻል ከሸክሙ መቅለል ነው ወይስ ከኬሚካሉ መለወጥ? የሚለው የሚፈታው በዚህ ብቻ ነው።

መድኃኒቶቹም ያለ ዋጋ የሚገኙ አይደሉም። ሜትፎርሚን ሆድ ያውካል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ሊያስከትል ይችላል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም አደገኛ ነው። የጂኤልፒ 1 መርፌዎች ማቅለሽለሽና ትውከት ያመጣሉ፤ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይቀንሳሉ፤ የሐሞት ጠጠር ያጋጥማል። በ2022 የታተመ ክትትል እንዳሳየው ሴማግሉታይድን ያቋረጡ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው አግኝተዋል። ዑደቱን ለመቁረጥ የገባው መሣሪያ ሲወጣ ዑደቱ ይመለሳል ማለት ነው።

ጥያቄው ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቶ ነበር። ያ ጥናት ስለ ውፍረት የተደረገ ባይሆንም የአኗኗር ለውጥ ወደ ትንፋሽም እንደሚደርስ ያስገነዝባል። ዛሬ የከተማው ኑሮ እየሰፋ፣ መቀመጥ እየበዛ፣ እግር መንገድ እየቀረ ሲሄድ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው የሚጠበቅ ነው። በአፍ የሚሳበው ስቴሮይድ ውድ በሆነበት ወይም በጠፋበት ቦታ ሁሉ ሕመምተኛው በክኒኑ ላይ ይበልጥ ይደገፋል፤ ከላይ የተገለጸው ዑደትም እዚያ ይበልጥ ይጠነክራል። ሜትፎርሚን ርካሽና በየመድኃኒት ቤቱ የሚታወቅ በመሆኑ ጥቅሙ በሙከራ ቢረጋገጥ ለድሃ አገር ትልቅ ዕድል ነው። የጂኤልፒ 1 መድኃኒቶችን በተመለከተ የዓለም የጤና ድርጅት በ2025 ለተወሰኑ የስኳር ሕሙማን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ለአስም ግን አይደለም። መርፌዎቹ ከመከፈታቸው በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለባቸው የማቀዝቀዣና የመብራት ነገር ይነሣል። በዚህ ረገድ የሐኪሙ ጥያቄ የመሐንዲሱም ጥያቄ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ተግባራዊ ትምህርት ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ማንም የአስም ሕመምተኛ ይህን ሰምቶ በአፍ የሚስበውን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም፤ ማቋረጥ ሕይወትን ያሳጣል። የስኳር መድኃኒትንም ለአስም ብሎ በራሱ ገዝቶ መውሰድ የለበትም። ሁለተኛ፣ ሁለቱም በሽታዎች ያሉበት ሰው የስኳር መድኃኒት በሚመረጥለት ጊዜ አስሙንም ለሐኪሙ ማስታወስ ተገቢ ነው። ሦስተኛ፣ የመድኃኒት መጠን ተጨምሮ ለውጥ ካልመጣ፣ እንደ ገና ከመጨመሩ በፊት በሽታው የትኛው ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ የሕመምተኛው መብት፣ የሐኪሙም ግዴታ ነው።

በምሳሌነት የተጠቀሰችው ሴት አሁንም ደረጃ ስትወጣ ቆማ ትተነፍሳለች። በቦርሳዋ ያለው ክኒን ለዛሬ ያድናታል፤ ለነገ ግን ያከብዳታል። ይህን የሚለውጥ መድኃኒት በእጅ ላይ ሳለ ያልታወቀ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ፒዮግሊታዞን ባዶ ተስፋ ሆኖም ሊቀር ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ጉጉት ሳይሆን ልኬት ነው። መሐንዲስ ከሐኪም ጋር የሚገናኘውም በዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ምክንያቱን ከመለየታቸው በፊት ኃይል ከመጨመር ይቆጠባሉ።